የጋሽ ላንቃሞ ካሴቶች እና ሦስቱ ዲስኮች

ባለፈው እሑድ ልጄ የሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ስልኳ ውስጥ ያለውን እየመረጠች ታጠፋለች። «ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት። «ሞላብኝ እማዬ፣ አልቀዳ አለኝ። የማይረባውን እየሰረዝኩ ነው» አለች ቀና ሳትል። የማይረባ ያለችውን በትከሻዋ ላይ ተመለከትኩ፤ የአክስቷ ልጅ ሠርግ፣ የአንድ ዝናባማ ቀን ደመና፣ የማን እንደሆነ ያላወቅኩት ሳቅ። ስልኩ የራሷ ነው። በልቤ ግን «እኛ ሲሞላብን አንሰርዝም ነበር፤ እንጨምር ነበር» አልኩ። ይህን ስል ሳላስበው ወገቤ ቀና አለ። ሃምሳን የተጠጋች ሴት በገዛ ሳሎኗ ብቻዋን ስትኮራ ጎረቤት ቢያያት ምን ይል ይሆን?

ያኔ የምለው ዘመን በጣም ሩቅ አይደለም፤ ሐዋሳ ግን ሌላ ሐዋሳ ነበረች። ዛሬ ቤቴ ያለበት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ፎቁ እንዲህ ሳይደራረብ፣ ከብት ሲግጥበት አይቻለሁ። ባጃጅ ገና መግባቱ ነበር። ጋሪው ከአስፋልቱ እየተገፋ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገዱ ቢሸሽም የፈረሱ ቃጭል ጠዋት ጠዋት አሁንም ይሰማ ነበር። ብስክሌትማ የሁሉም ነው፤ ሜዳ ከተማ ስለሆነች መምህሩም፣ ነርሷም፣ ሰባኪውም በብስክሌት ይሄዳሉ፤ የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ዋናው መንገድ የብስክሌት ወንዝ ይመስላል። ማኪያቶ ከሁለት ብር ብዙም አያልፍ፤ ማንኪያ የሚያቆመው የአቮካዶ ጁስ እንኳ የተማሪ ኪስ አያስፈራም። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስንወጣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ እንበላለን፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው፣ አጥንት እስክንጥልላቸው እንደ ሽምግልና እንደተጠሩ ሰዎች ቆመው ይጠብቁናል። ከመናኸሪያ እስከ ፒያሳ በእግር ሲኬድ ሙዚቃ ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገድ አዙረው ይፎካከራሉ፤ አንዱን ዘፈን ሳንጨርስ ወደ ሌላው እንገባለን። ሲዲ ካሴትን መግፋት ጀምሮ ነበር፤ ባለሱቆቹ ግን የካሴቱን መደርደሪያ ለማንሳት አንጀታቸው አልቆረጠም።

አባቴ ከስልጤ መጥቶ መናኸሪያ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ነበር። እኔ ሰፊ ጥቁር ሱሪ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ ሸሚዝ እና እሱ ከሱቁ የሚቆርጥልኝን ሻሽ እለብሳለሁ። ሻሼ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የሥራ ባልደረቦቼ «ነኢማ፣ ዛሬ አባባ ምን ጨርቅ አስገቡ?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ኮምፒውተር ተምሬ ሬዲዮ ጣቢያ ስቀጠር አባቴ ለወዳጆቹ ሥራዬን ማስረዳት ይቸግረው ነበር። «ጨርቅ በክንድ ይለካል፤ የአንቺ ሥራ በምን ይለካል?» ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። «እሱንም እየተማርኩ ነው አባባ» አልኩት።

ጣቢያው ትንሽ ነበር፤ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዛፍ ያለበሰው ግቢ ውስጥ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ አንድ ረጅም ቤት። እኔ የምሠራበት ክፍል ቀድሞ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። መስኮቱ አንድ ክንድ አይሞላም፤ ውስጡ የሞቀ አቧራ ይሸታል። ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ያጓራል። የሚተላለፈው ሁሉ፣ ዜናው፣ ማስታወቂያው፣ የዘፈን ምርጫው፣ ከእሱ ነው የሚወጣው። እሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እንደ ሌላ ኮምፒውተር መስኮትና ሥዕል አልነበረውም፤ ጥቁር ስክሪን ነው፣ ነጭ ፊደል ነው፣ የምትፈልጊውን ትጽፊለታለሽ፣ ይታዘዛል። ተሳስተሽ ብትጽፊም ይታዘዛል። በር ላይ ቆመው የሚያዩኝ ሰዎች «ይህቺ ልጅ ከጥቁር ሰሌዳ ጋር ታወራለች» ይሉ ነበር።

ጋሽ ላንቃሞ በዚያ ክፍል በር የታዩት በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት ነው። ቀድሞ አስተማሪ የነበሩ፣ በኋላ ጣቢያው በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ ለሚያሰራጨው ዝግጅት የተቀጠሩ ሰው ናቸው። ኪሱ የበዛ ካኪ ኮት ነበራቸው፤ አንዱ ኪስ ባትሪ፣ አንዱ ካሴት፣ አንዱ ቆሎ። ቅዳሜ ቅዳሜ መቅረጸ ድምፃቸውን የብስክሌታቸው ኋላ ላይ አስረው ወደ ቱላና ከቱላም ወዲያ ወዳለው አገር ይወጣሉ። ሽማግሌ ያናግራሉ፤ የዘር ሐረግ የሚቆጥር፣ ኮከብ አይቶ የሲዳማን ዘመን መለወጫ የፊቼን ቀን የሚለይ፣ በጎሳዎች መካከል የተጣላ ያስታረቀ። ሴቶችን ያናግራሉ፤ እንሰት ሲፍቁ የሚያዜሙትን፣ ልጅ የሚያስተኙበትን እሹሩሩ። ይህን ያደረጉት ለዓመታት ነው፣ ማንም ሳያዛቸው። ካሴቶቹ ቢሯቸው ውስጥ ባለ የብረት ቁም ሳጥን፣ እያንዳንዳቸው በእጅ ጽሑፍ ስም ተጽፎባቸው፣ በረድፍ ተቀምጠዋል።

የዚያን ቀን አንድ ካሴት በእጃቸው ይዘው ነው የመጡት። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ነኢማ፣ ይህቺን አሰሚኝ» አሉኝ።

ካሴቱ ላይ የአንዲት አሮጊት ስም ተጽፏል። አጫወትኩት፤ የአንድ ስብሰባ ዜና ነው የወጣው። ወደፊት አሳለፍኩት፤ ስብሰባ። አዞርኩት፤ በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ የቀጠነ የሴት ድምፅ ተሰማና አለቀ። ባዶ ካሴት ሲጠፋ አንዱ ጋዜጠኛ ከቁም ሳጥኑ አንሥቶ ቀድቶበታል።

«ሴትየዋ ዐርፋለች» አሉ ጋሽ ላንቃሞ። «ተመልሼ አልጠይቃትም።»

ልጅነት ይሁን ድፍረት፣ ወዲያው «ሁሉንም ወደ ኮምፒውተሩ ላስገባልዎ» አልኳቸው።

ሰርቨሩን ቁልቁል አዩት። «ካሴት ቢበጠስ እቀጥለዋለሁ፤ እዚህ ሣጥን ውስጥ የጠፋውን ማን ያወጣዋል?»

«እኔ» አልኩ። ከአፌ ካወጣኋቸው ቃላት ሁሉ ብዙ ያስከፈለኝ ይህ ነው።

በየቀኑ ሁለት ሦስት ካሴት እያጫወትን ማስገባት ጀመርን። እኔ አጥቤ ያሰጣሁትን ጨርቅ እንደማጥፍ ሁሉ ሥራዬን እየሠራሁ ጆሮዬ እዚያው ነው፤ ሲዳሙ አፎ የተማርኩት ከእነዚያ ሽማግሌዎች ነው ብል ውሸት አይሆንም። ብዙ ወር ሳይቆይ የሰርቨሩ ማከማቻ፣ ዲስኩ፣ ሞላ። በዚያ ዘመን ዲስክ እንዲህ እንደ ዛሬው አይደለም፤ ትልቅ የሚባለው የዛሬ ስልክ የሚይዘውን አይዝም። ኃላፊያችን አቶ መስፍን ጠሩኝ። ክራባት ሳያስሩ ከቤት የማይወጡ፣ ሥራ አክባሪ፣ ፈሪ ሰው ነበሩ።

«ቦታ የለም እየተባለ ነው። ማስታወቂያ የሚቀመጥበት ጠፋ» አሉኝ። «የማይተላለፈውን አሮጌውን ሰርዢ።»

«መሰረዝ አያስፈልግም፣ ይጨመራል» አልኩ።

«ይጨመራል ማለት? ዲስኩ ላስቲክ ነው?»

ላስቲክ ባይሆንም መንገድ ነበረው። አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ የላከችልኝ፣ ስለ ሰርቨር የሚያስተምር፣ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ወፍራም ጥራዝ ነበረኝ፤ ዳሩ እስኪላላ አንብቤዋለሁ። ከተጣሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ሁለት ዲስክ ፈታሁ፤ ሰርቨሩ ውስጥ አስገባኋቸው። ከዚያ በጥቁሩ ስክሪን ላይ በመጀመሪያ እያንዳንዱን ዲስክ ሁሉንም በአንድነት ለሚያስተዳድረው የጋራ መዝገብ አስተዋወቅኩ፤ ቀጥሎ ሦስቱን በአንድ ስም ሰበሰብኩ። ለማሽኑ ከዚያ በኋላ ሦስት ዲስክ የለም፤ አንድ ሰፊ ቦታ ነው። ከዚያ ሰፊ ቦታ ለዜናው አንድ ክፍል፣ ለፕሮግራሙና ለማስታወቂያው አንድ ክፍል፣ ለጋሽ ላንቃሞ ድምፆች አንድ ክፍል ቆረጥኩ። የመጨረሻውን «ሽማግሌ» ብዬ ሰየምኩት። ክፍሉ ሲጠብ በአንድ መስመር ትዕዛዝ ይሰፋል፤ ውስጡ ያለው ሳይነካ፣ ሬዲዮው ሳይቋረጥ። ትዕዛዙን ጽፌ «ኢንተር» የሚለውን ቁልፍ ስጫን ጋሽ ላንቃሞ አጠገቤ ቆመው ነበር። ስክሪኑ ላይ አንድ አጭር መስመር ወጣ፤ ክፍሉ በእጥፍ ሰፋ።

«አለቀ?» አሉ።

«አለቀ።»

«ምን አደረግሽው?»

እንዴት ብዬ ላስረዳ? «ሦስት ጎረቤት አጥራቸውን አንሥተው አንድ ግቢ አደረጉት ይበሉ» አልኳቸው። «ማን ከማን መሬት ላይ እንደተኛ ግቢው አይጠይቅም።»

ጥቂት አሰቡ። «ታዲያ ከሦስቱ የአንዱ መሬት ቢናድስ?»

አስተማሪ የነበሩት በከንቱ አይደለም። ከመላው ጣቢያ ይህን የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። እውነቱን ነገርኳቸው፤ አንዱ ቢወድቅ በላዩ የተዘረጋው ሁሉ አብሮ ይናዳል፤ ስለዚህ ሌላ ግልባጭ ያስፈልገናል። ለሲዲ ግዥ ጻፍን። የተፈቀደልን ጥቂት ነበር፤ ከሩቡ በላይ ሳንገለብጥ አለቀ። እንደገና ጻፍን፤ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ዓመት አለፈ። ያም አልበቃ፣ ባዶ ካሴት ከገበያ ሲጠፋ አቶ መስፍን «ኮምፒውተር ከገባ ካሴቱ ምን ያደርጋል?» ብለው የብረቱን ቁም ሳጥን አስከፍተው ወደ ኮምፒውተሩ የገቡትን በሙሉ ለጋዜጠኞች እንዲቀዱባቸው አከፋፈሉ። በደብዳቤ ነው፣ በማኅተም። ጋሽ ላንቃሞ ባዶውን መደርደሪያ እያዩ «እንግዲህ አንቺ ዘንድ ብቻ ናቸው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ከተጣለ ኮምፒውተር በፈታሁት አሮጌ ዲስክ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ዛሬ ስለ ኩራቴ እያወራሁ ይህን ብደብቅ ነውር ነው፤ ጥፋቱ የደብዳቤው ብቻ አልነበረም።

እና አንድ ጠዋት፣ ከፊቼ በዓል ማግሥት፣ በሩን ስከፍት ድምፁ ተቀበለኝ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ጥፍር በቆርቆሮ ላይ እንደሚመታ። ማሽኑ ስህተት የሚጽፍበትን ማስታወሻ ከፈትኩ፤ ከአሮጌዎቹ ዲስኮች አንዱ ማንበብ እያቃተው፣ ደግሞ እየሞከረ፣ እየተሳካለት፣ ደግሞ እያቃተው ነው። ሻሼን ፈትቼ እንደገና አሰርኩ፤ ስጨነቅ የማደርገው ነው።

አቶ መስፍን ክራባታቸውን እያስተካከሉ መጡ። ድምፁን ሰሙ። «አጥፊው! አሁኑኑ አጥፊው! አዲስ አበባ ባለሙያ ዘንድ እንልከዋለን።»

«ካጠፋሁት ዳግም ላይነሣ ይችላል» አልኩ። «አሁን እየዞረ ነው። እየዞረ ሳለ በላዩ ያለውን ወደ ሌላ ዲስክ ማሻገር እችላለሁ። ትዕዛዙ አለ።»

«ሠርተሽው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። አንብቤዋለሁ።»

«ቢበላሽስ? ኃላፊነቱን ትፈርሚያለሽ?»

ወረቀት አምጥተው በጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ፈረምኩ። «አሁን ዲስክ ስጡኝ» አልኩ። ማሽኑን ሳናጠፋ በውጭ በኩል በገመድ የሚሰካ የዲስክ መያዣ ነበረኝ፤ በውስጡ የሚገባ በቂ ትልቅ ዲስክ ግን አልነበረኝም። በጣቢያው ውስጥ ያን የሚያህል ዲስክ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። የአቶ መስፍን አዲስ ኮምፒውተር። ገና ከመጣ ወር አልሞላውም፤ ባለቤታቸው በዳንቴል የሠሩለት ልብስ ነበረው።

አቶ መስፍን ክራባታቸውን ነካኩ። በሩ ላይ ጋሽ ላንቃሞ ቆመው ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላየሁም። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«አቶ መስፍን፣ ካሴቶቹን የወሰዱብኝ በእርስዎ ፊርማ ነው።»

አቶ መስፍን ፊታቸውን አዙረው ወጡ። ተቆጥተው ሄዱ ብዬ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ኮምፒውተሩን ራሳቸው በደረታቸው ተሸክመው፣ ክራባታቸው ወደ ጀርባ ዞሮ ተመለሱ። ዳንቴሉ አሁንም በላዩ ነበር።

ዲስኩን ፈታሁ፣ ሰካሁ፣ ለጋራው መዝገብ አስተዋወቅኩ። ከሁሉ የሚከብደው ከዚያ በኋላ ነው። ትዕዛዙ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማሻገር ይችላል፤ ወይም በስም የተጠራውን ክፍል ብቻ ያስቀድማል። የታመመው ዲስክ እስከ መጨረሻው እንደሚቆይ ማንም አያውቅም። ስለዚህ አንዱን ማስቀደም ሌላውን መስጠት ሊሆን ይችላል።

«ፕሮግራሙና ማስታወቂያው ይቅደም» አሉ አቶ መስፍን። «ጣቢያው የሚኖረው በሱ ነው።»

«ማስታወቂያው የባለቤቶቹ እጅ ላይ አለ፤ እንደገና ይሰጡናል» አልኩ። «ዜናው ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ነው። የሽማግሌዎቹ ግን አብዛኛው ሌላ ቦታ የለም።»

«ነኢማ፣ እያዘዝኩሽ ነው።»

«ፈርሜያለሁ አቶ መስፍን» አልኩና «ፒቪ ሙቭ» የሚለውን የማሻገሪያ ትዕዛዝ ጻፍኩ፤ አጠገቡ «ሽማግሌ»፤ ከዚያ የታመመው ዲስክ ስም፤ ከዚያ የአዲሱ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቢስሚላህ ብዬ ኢንተርን ተጫንኩ።

ዜሮ ነጥብ ምናምን በመቶ አለ ስክሪኑ። ጥቂት ቆይቶ አንድ። ጋሽ ላንቃሞ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ቁጥሩን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ ድሮ ክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠሩት። «አራት። አምስት። አምስት። አሁንም አምስት፣ ነኢማ።» «ይሞክራል ጋሼ፣ ያነባታል።» «ስድስት!» ከስቱዲዮ የዘፈን ምርጫ ዝግጅት ይሰማል፤ የሚያስተላልፈው ይኸው ማሽን ነው፤ አድማጭ ከእግሩ ሥር መሬቱ እየተቀየረ መሆኑን አያውቅም። ሠራተኛው ሥራውን ትቶ በረንዳው ላይ ተሰበሰበ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ «ስንት ደረሰ?» ትላለች።

ስድሳ ሦስት ላይ መብራት ጠፋ።

በሐዋሳ መብራት መጥፋቱ ብርቅ አይደለም፤ ለዚያ ዩፒኤስ የሚባለው ባትሪ አለ፣ ጄኔሬተር አለ። ዩፒኤሱ ጮኸና ማሽኑን ያዘው። ጄኔሬተሩን ሊያስነሡ የሄዱት ግን ተመልሰው «ነዳጅ የለም፤ መኪናው ሊያመጣ ወጥቷል» አሉ። ዩፒኤሱ አንድ ነው፤ ስቱዲዮውንም ሰርቨሩንም ይሸከማል። ጠቋሚውን አየሁ፤ ለሁለቱ አሥር ደቂቃ አይሆንም።

«ለማሽኑ ብቻ ቢሆንስ?» አሉ አቶ መስፍን።

«ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቆይ ይሆናል።»

አቶ መስፍን ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ሰዓታቸውን አዩ፤ የስቱዲዮውን በር አዩ። ሬዲዮ ጣቢያ ዝም አለ ማለት ለኃላፊው ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ሥራ የኖረ ያውቀዋል። ስልክ ይደወላል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ሰው ይጠየቃል። እኒያ ክራባት የማይፈቱ፣ ያለ ማኅተም ውሃ የማይጠጡ ሰው የስቱዲዮውን በር ከፍተው «ዝጉት» አሉ።

«ምኑን?» አለች አቅራቢዋ።

«ጣቢያውን። አድማጭን ይቅርታ ጠይቂና ዝጊው። ኃላፊው እኔ ነኝ።»

ዘፈኑ በግማሽ ተቋረጠ። ግቢው ውስጥ፣ ከግቢው ውጭ ባለው ሻይ ቤት፣ ማዶ ባለው ፀጉር ቤት፣ የእኛን ሞገድ በባትሪ የከፈተ ሬዲዮ ሁሉ አንድ ላይ ዝም ሲል ሰማሁት። የተሰማው የዲስኩ ቀጭ ቀጭታ እና የጋሽ ላንቃሞ ድምፅ ብቻ ነው። «ሰባ አንድ። ሰባ ሁለት።» ስልኩ ጮኸ፤ አቶ መስፍን ራሳቸው አነሡት። «አዎ፣ እናውቃለን። የቴክኒክ ሥራ ነው። አዎ፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት» ሲሉ ይሰማኛል። ደጋግሞ ጮኸ፤ ደጋግመው ያንኑ መለሱ። ሰማንያ ስድስት ላይ ዩፒኤሱ ሊያበቃ መሆኑን በጩኸት ነገረን። ዘጠና አንድ ላይ የመኪናው ጡሩንባ በር ላይ ተሰማ፤ የሮጠው ማን እንደሆነ አላየሁም፤ ጄኔሬተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ያዘ። ጣቢያው ወደ አየር ሲመለስ ጋሽ ላንቃሞ «ዘጠና ሰባት» ላይ ነበሩ። መቶ ሲል አላነበቡትም፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

ወዲያው ፕሮግራሙን አስከተልኩ፤ እሱም ተሻገረ። ዜናውን ጀምሬ አሥር በመቶ ሳይሞላ ዲስኩ አንድ ረጅም ሲጥ የሚል ድምፅ አሰማና ቆመ። ዳግም አልዞረም። የሞተውን ዲስክ ከጋራው መዝገብ የሚያስወጣውን ትዕዛዝ ጽፌ አስወጣሁት። የስንት ጊዜ ዜና አብሮ ሄደ። በጣቢያው እስከ ኖርኩበት ቀን ድረስ ያንን ዜና የጠየቀኝ ሰው የለም። አቶ መስፍን ያስፈረሙኝን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ እንጂ ፋይል ውስጥ አላስገቡትም። በሳምንቱ ሁለት አዲስ ዲስክ እና አንድ ካርቶን ሲዲ መጣልኝ፤ ደብዳቤው በአንድ ቀን ነው የዞረው። አባቴ ወሬው ሱቁ ድረስ ደርሶት «ሬዲዮውን ያስዘጋሽው አንቺ ነሽ አሉ!» አለኝ፤ ለጎረቤት ነጋዴዎች በኩራት ሲያወራ ከረመ፤ ያስዘጋሁት ለምን እንደሆነ ግን ሁሉንም ቀላቅሎ ነበር የሚነግራቸው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ማሽን በእጄ አልፏል። ዲስኩ አደገ፣ ስሙ ተለወጠ፣ ሣጥኑ አነሰ፤ እኔም በተለያየ ከተማ ለሚሠሩ ወጣቶች ያንን ትዕዛዝ አስተምሬያለሁ። «ሽማግሌ» የተባለው ክፍል ግን ከማሽን ማሽን፣ ከሕንፃ ሕንፃ ሲሻገር አንድ ቀን ሳይዘጋ፣ አንድ ድምፅ ሳይጎድልበት ነው ከጣቢያው ስለቅ ያስረከብኩት። ግልባጩንም በሦስት የተለያየ ቦታ አስቀምጬ።

ጋሽ ላንቃሞ ያረፉት ካቻምና ነው፤ ሰማንያን ተሻግረው፣ በቱላ ባለው ቤታቸው። ሴት ልጃቸው ደውላ አረዳችኝ። ካለቀሰች በኋላ «አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ የአባዬን ድምፅ የሚቀዳ አልነበረም፤ እሱ የሰው ሲቀዳ ነው የኖረው። እዚያ ጣቢያ ምናልባት አንድ ነገር ይኖር ይሆን?» አለችኝ። «የለም» ልላት ከንፈሬን ከከፈትኩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጋሽ ላንቃሞ እያንዳንዱን ካሴት ሲጀምሩ የተናጋሪውን ስም፣ የመንደሩን ስም ይናገራሉ፤ ከዚያ በሲዳሙ አፎ «ሰላም ነው? ልባችሁ ዝግጁ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። በየካሴቱ። ለዓመታት ሁሉ።

ጣቢያው ፈቀደልኝና የቀድሞ ክፍሌ ውስጥ ገብቼ ጠዋት ጀምሬ እስከ ማታ መግቢያ መግቢያቸውን ብቻ እየቆረጥኩ በተቀዱበት ቅደም ተከተል ቀጠልኳቸው። በሦስተኛው ቀን ቱላ፣ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ከመዝሙሩ በኋላ አጫወትነው። መጀመሪያ የወጣው የጎልማሳ ድምፅ ነው፤ ፈጠን ያለ፣ ትንሽ የሚያፍር። ስም፣ መንደር፣ ሰላምታ። ቀጥሎ ሌላ ስም፣ ሌላ መንደር፣ ያው ሰላምታ። ስሙ የተጠራው ሰው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ከድንኳኑ ውስጥ አንዱ ጥግ ላይ ቀና ይላል። ድምፁ እየሄደ እየወፈረ፣ እየዘገየ፣ ሳል እየተቀላቀለበት መጣ፤ አንድ ሰው በሩብ ሰዓት ውስጥ ጆሯችን ላይ አረጀ። ጎኔ የተቀመጡት አቶ መስፍን ከዘራቸውን በሁለት እጅ ይዘው አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

የመጨረሻው ስም ተጠራ። መንደሩም ተጠራ። ከዚያ ጋሽ ላንቃሞ «ሰላም ነው? ልባችሁ ዝግጁ ነው?» ብለው ጠየቁ። እዚያ ላይ ነበር ያቆምኩት፤ መልሱን የተናጋሪው ስለሆነ ቆርጬው ነበር። ከዚያ ከፊት የተቀመጠች አንዲት አሮጊት እንደ ዋዛ፣ ጎረቤት በበር ሲያልፍ እንደሚመለስለት መለሰችላቸው፤ ከኋላዋ ያለው መለሰ፤ ድንኳኑ በሙሉ መለሰ። እኔም በዚያ ከሽማግሌዎቻቸው በተማርኩት በስልጤ ዜማ በሚጎተት ሲዳሙ አፎዬ «ሰላም ነው፣ ዝግጁ ነን» አልኳቸው።